ዕድሌ ስንት ነው?

የእህቴ ልጅ ነፋስ መውጫ ናት፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። በቀደም ማታ ደወለችና ሰላምታውን እንደ ወትሮዋ ሳታስረዝም፣ «ጋሼ፣ እኔ ግን የማለፍ ዕድሌ ስንት ይሆናል?» አለችኝ። መልሱ እጄ ላይ ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን የየዓመቱን ውጤት ከተነገረበት ቀን ጀምሬ በማስታወሻ እይዛለሁ፤ አንዱን ጠቅሼ «ከመቶ ይህን ያህል» ብላት ይበቃ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር አደረ።

መጀመሪያ የያዘኝ ቃሉ ነው። «ዕድል» አደለ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። አደለ ማለት አከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ሰጠ ማለት ነው። በድርቅ ዘመን ቀበሌው ስንዴ ያድላል፤ በሠርግ ቤት አሳላፊው ጠላ ያድላል። የደረሰውን ሰው ታደለ እንለዋለን፤ ሳይደርሰው የቀረውን ያልታደለ። ልጅቷ «ዕድሌ ስንት ነው» ስትል እንግዲህ በአንድ ቃል ሁለት ጥያቄ ጠይቃኛለች። አንደኛው የሂሳብ ነው፤ ነገሩ የመሆን መጠኑ ስንት ነው የሚል። ሁለተኛው ግን፣ ለእኔ የተመደበልኝ ድርሻ ምንድን ነው የሚል ነው፤ እሱ ደግሞ አዳይ ይፈልጋል። አዳዩ ማን ነው? ሚኒስቴሩ ነው? ትምህርት ቤቷ ነው? ፈጣሪ ነው? ወይስ እሷው ናት? የሂሳቡን መልስ ብቻ ብሰጣት ሁለተኛውንም የመለስኩላት ይመስላታል። «ከመቶ ሦስት» ስላት «ላንቺ አልታደለልሽም» ብላ ትሰማዋለች። ቋንቋችን ሁለቱን አንድ ላይ ስላሰራቸው መፍታቱ የእኔ ሥራ ሆነ።

ቁጥሩን ላስቀምጥ። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ ከመቶ 3.3። በተከታዩ ዓመት 845,099 ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ ከመቶ 3.2። በ2017 ዓ.ም. 585,882 ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ ከመቶ 8.4። የ2014ቱ ውጤት በተነገረ በሁለት ወር ገደማ፣ መጋቢት 2015 ላይ፣ በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ 57 ሺህ ከሚጠጋ አመልካች የተቀበለውን አሳወቀ፤ እሱም ከመቶ ሦስት ተኩል ገደማ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ መንትያ ይመስላሉ። ያኔ ብዙ ሰው «እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ መግባት ሃርቫርድ የመግባት ያህል ሆነ» ሲል ሰምቻለሁ፤ እኔም ብዬ ይሆናል። አባባሉ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ልጅቷን በቀጥታ የሚጎዳ ነው።

ሃርቫርድ ወንበሩ የተቆጠረ ነው። በሩ ላይ 57 ሺህ ሰው ቢቆምም 100 ሺህ ቢቆምም የሚገባው ወደ 2 ሺህ ነው። እዚያ የአንዱ መግባት የሌላው መቅረት ነው። የራስህን ዕድል ለማወቅ ከራስህ ይልቅ አጠገብህ የቆሙትን ማወቅ ይኖርብሃል፤ አጠገብህ ያሉትን ደግሞ አታውቃቸውም። የእኛው 50 ግን ልክ እንጂ ወንበር አይደለም። ያን ልክ የደረሰ ሁሉ አልፏል ይባላል፤ መቶ ሺህም ቢደርሱ፣ አምስት መቶ ሺህም ቢደርሱ። የእህቴ ልጅ ብታልፍ የጓደኛዋን ቦታ አልወሰደችም። ይህን የማያውቅ ተማሪ ብዙ ነው። የሠራውን ጥያቄ ክንዱን ከልሎ ከጓደኛው የሚደብቅ ልጅ አይቼ አዝኛለሁ፤ ባልተቆጠረ ወንበር ላይ የሚሻማ መስሎታል። መሻማቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሕክምና ልማር፣ አዲስ አበባ ልመደብ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ልግባ ሲባል ያኔ ወንበር ይቆጠራል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። የመጀመሪያው በር ግን የልክ በር ነው።

ልኩንም በቅርብ እንየው። ፈተናው የምርጫ ነው፤ ለየጥያቄው አራት መልስ ተደርድሮ አንዱ ይመረጣል። ምንም የማያውቅ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። እንግዲህ ከጥያቄዎቹ ሲሶውን ብቻ በትክክል የሚያውቅ፣ የቀረውን ሁለት እጅ በጭፍን የሚገምት ተማሪ ስንት ያመጣል? ከመቶ 33 ያህሉን በእውቀቱ፣ ከቀረው 67 ደግሞ ሩቡን፣ 17 ያህሉን፣ በግምት። ድምሩ 50 ነው። በ2014 ዓ.ም. አልደረሰም የተባለው ከመቶ 97 የሚጠጋ ተፈታኝ ያልደረሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሲሶ ላይ። ይህን ሂሳብ መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ሦስት ከመቶ የሚለው ቁጥር ሰማይ የሚነካ ግንብ አስመስሎ ያሳየኝ ነገር ሲጠጉት ወገብ የሚያህል አጥር ነው። ወገብ የሚያህል አጥር ይህን ሁሉ ልጅ ካስቀረ፣ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ልጆቹ እግር ርዝመት አይደለም። ከአጥሩ በፊት ስላለው መንገድ ነው፤ አስተማሪ ስላልደረሰው ክፍል፣ መጽሐፉ ለአምስት ስለሚዳረስበት ዴስክ፣ ላቦራቶሪ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ወንበር ስለሚከማችበት ቤት።

እዚህ ላይ ቁጥሩ የተጻፈው ለማን እንደሆነ ገባኝ። ለአዳዩ ነው። መምህር የሚመድበው፣ መጽሐፍ የሚያሳትመው፣ በጀት የሚቆርጠው አካል ያንን ቁጥር ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ቢያድርበት ተገቢ ነው። ለተማሪዋ ግን ምን ይነግራታል?

ጆን ቬንን ተማሪዎቻችን የሚያውቁት በክቦቹ ነው፤ ስለ ስብስብ ሲማሩ ደራርበው ይሥሏቸዋል። ይኸው ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ስለ ዕድል አመክንዮ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ከባድ ነገር አንሥቷል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የብዙ ስብስብ አባል ነው፤ ስብስቡ ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው፤ ታዲያ የሰውየው ዕድል የቱ ነው? የእህቴን ልጅ ልውሰድ። የኢትዮጵያ ተፈታኝ ናት፤ አንድ ቁጥር። የአማራ ክልል ናት፤ ሌላ ቁጥር። ሴት ናት፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ የወረዳ ከተማ ልጅ ናት፤ ከክፍሏ ከአንድ እስከ አምስት ከሚወጡት ናት፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን የምታነብ ናት። ክቡን በክብ ላይ እየደረብኩ ብሄድ መጨረሻ ላይ ውስጡ የምትቀረው እሷ ብቻ ናት፤ ገና ያልተፈተነች የአንዲት ልጅ ስብስብ ደግሞ መቶኛ የለውም። ክቡ ሲሰፋ ቁጥሩ ይጸናል፣ እሷ ግን አትታይም። ሲጠብ እሷ ትታያለች፣ ቁጥሩ ይጠፋል።

የዚህ ነገር ጭካኔ የሚታየው ዜሮ ላይ ነው። በ2015ቱ ውጤት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ከእነዚያ ባንዱ የሚማር ልጅ ክቡን ትምህርት ቤቱ ላይ ቢያቆመው ዕድሉ ዜሮ ነው። ግን ከየትም ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያለፈ ተማሪ፣ ከማለፉ በፊት ባለው ቀን ዕድሉ በዚያ ክብ ዜሮ ነበር። ልጁን ዜሮ ብለን ብናሰናብተው የመጀመሪያው ሰው የሚባል ከየት ይመጣል?

አንድ አስተዋይ ሰው ይህን ሲያነብ «እንዲህ ከሆነ ቁጥሩን ጥለን በተስፋ እንሂድ ማለትህ ነው?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። በሬ ሸጦ ልጁን ለማስጠናት ደብረ ታቦር ቤት የሚከራይ አባት ቁጥር ያስፈልገዋል። ለአሥር የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ ሊከፍል የሚበደር ወጣትም ያስፈልገዋል። የእህቴ ልጅ አገር፣ የጋይንት ገበሬ ደግሞ በዚህ ከማንም በላይ የተማረ ነው። ዝናብ የሚያታልለው አገር ላይ ኑሮውን የመሠረተ ሰው ዘሩን ሁሉ ባንድ ማሳ አይደፋም። ደጋው ላይ ገብስ፣ ቆላ ቀመሱ ላይ ማሽላ፣ ጥቂቱን ደግሞ በሪቅ ለክፉ ቀን። ዝናቡ ይመጣል ብሎም አይምልም፤ አይመጣም ብሎም ሞፈሩን አይሰቅልም። ዕድልን ማስላት ማለት ለእሱ ዘርን በልክ መክፈል ነው። ተማሪም ከቁጥሩ ይህን ያህል ይማር፤ ቴክኒክና ሙያውን፣ ሪሚዲያሉን፣ ሌላውን በር ሁሉ አስቀድሞ ይወቅ። ግን ገበሬው አንድ ነገር ያውቃል፤ ዝናቡ በእሱ ማረስ አይለወጥም። የተማሪዋ ነገር በከፊል እንደ ዝናቡ፣ በከፊል እንደ እርሻው ነው። ያ ከፊል የቱ እንደሆነ የሚነግራት ቁጥር አላገኘሁም።

ይህን ሳሰላስል ልቤ ወደዚያው ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ሄደ።

ቤተ ልሔም የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር ቤት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ነው፤ አቋቋም ጎንደር ላይ፤ ቅኔ ጎጃም ዋሸራ። ድጓ ግን ቤተ ልሔም። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ጾመ ድጓና ምዕራፍ ተምሮ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ በሌላ አገር ጉባኤ ቤት ዓመታት ቆይቶም እንኳ «ቤተ ልሔም ወርዶ አስመሰከረ» እስካልተባለለት ድረስ ትምህርቱ ተፈጸመ አይባልም። በመላ አገሪቱ የተዘረጋው የድጓ ስልት ራሱ የቤተ ልሔም ይባላል። በመራጭነት ከሆነ እንግዲህ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ የጠበበ በር ብዙ አይገኝም።

ግን የበሩን አሠራር ተመልከቱ። ደጁ ላይ የመግቢያ ፈተና የለም፤ ወንበርም አልተቆጠረም። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይመጣል፤ የኔታን እጅ ነሥቶ፣ ጎጆ ቀልሶ ወይም ከቀደሙት ጋር ተጠግቶ፣ ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት ይማራል። «የመግባት ዕድሌ ስንት ነው» የሚል ጥያቄ እዚያ ትርጉም የለውም፤ ገብቷል። መራጩ ነገር ከገባ በኋላ ያለው ነው። ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ሆነው የተጻፉት ምልክቶች አሉ፤ ሊቃውንቱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አደላደሏቸው ይላሉ። ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ይዘቱ ሁሉ ቦታ ቦታ አለው። ሊያስመሰክር የመጣው ተማሪ መጽሐፉን ዘርግቶ ያዜማል፤ መምህሩ ያደምጣል፤ ድምፁ ከስልቱ ሲወጣ ያቆመዋል። ተማሪው ብቻ ሳይሆን የጻፈው ድጓም ይታረማል።

«ምስክር» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ አስቡት። ምስክር ያየውን፣ የሰማውን ይናገራል፤ ያልሰማውን ቢናገር ሐሰተኛ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ቃሉን ወርሶ «የምስክር ወረቀት» ይላል፤ ነገር ግን ወረቀቱን የፈረመው አካል ብዙ ጊዜ ልጁን ሰምቶት አያውቅም። የተጠቆረ ክብ ያነበበው ማሽን ነው። የእህቴ ልጅ በእጇ ያለው የአዳዩ ቁጥር ነው፤ የጎደላት የምስክር ቃል ነው። እሷን ለዓመታት ሰምቶ «ይህ ይዞልሻል፣ ይህ ገና ነው፣ ይኸኛው ከተስተካከለ ትደርሺያለሽ» የሚላት ሰው።

ቤተ ልሔም ማርያምን ከሩቅ ያያት ሰው የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ያያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ እዚያ ደርሶ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ፣ በክቡ ቤት ውስጥ ተሸፍኖ የቆመ በጥንቃቄ የተጠረበ ድንጋይ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ አገኘ፤ በኋላም በመጽሐፉ ጽፎታል። የአገሩ ካህናት ለዘመናት ሲያጥኑበት የኖሩትን ነገር የውጭው ዓለም ያኔ ገና አወቀው። ሰው የሚለካውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ከክዳኑ ነው፤ የውስጡን ድንጋይ የሚያውቀው ገብቶ የቆየ ነው።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ ግን እውነቱን ማጉደል አይገባኝም። የቤተ ልሔም መንገድ ያልዘለቁትን አይቆጥርም። የድጓው ደራሲ ቅዱስ ያሬድ ትምህርት እንቢ ብሎት፣ ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ቁጣ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣችውን ትል አይቶ መመለሱን ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን የዕድል መለኪያ አድርጎ የሚነግረኝን ሰው አልቀበለውም። በዚያ ዛፍ ሥር በሰባተኛው የወደቁ፣ በስምንተኛው ወፍ የለቀማቸው ትሎች ስንት ነበሩ? ያሬድ ያየው የወጣችዋን ነው፤ እኛም የምናወራው ስለ ያሬድ ነው። በረኀብ፣ በወረርሽኝ፣ በውሻ ንክሻ መንገድ ላይ የቀሩትን የቆሎ ተማሪዎች ማንም በመዝገብ አልያዘም። ታሪኩ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ትሏ በየጊዜው ስትወድቅ ዛፉን እያወቀችው ሄደች። ሰባተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሙከራ አይደለም። ሳንቲም ሰባት ጊዜ ቢወረወር ሰባተኛው ከመጀመሪያው አይለይም፤ ሳንቲም አይማርምና። የሚማር ነገር ዕድሉ በሙከራው ውስጥ ይለወጣል። ከወደቀችበት ቅርፊት ምንም ሳትማር ሰባት ጊዜ የምትወጣ ትል ግን ሰባት ጊዜ ትወድቃለች፤ ይህን ደግሞ ፈተናውን በየዓመቱ በግል እየተመዘገቡ ያንኑ ደብተር ከሚደግሙ ልጆች ተረድቻለሁ።

አባቴ ስማዳ ነው የተወለደው። ጾመ ድጓ ጀምሮ ነበር፤ ድምፁም ጥሩ ነበር ይላሉ የሚያውቁት። አባቱ ሲሞትበት ግን በሬዎቹን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ አኩፋዳውን ሰቅሎ ሞፈር ያዘ። እድሜውን ሁሉ እያረሰ ሲያዜም ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ስፍራ ላይ ደርሶ ዜማውን ሁልጊዜ ያቆም ነበር፤ የተማረው እስከዚያ ድረስ ነው። አባቴ ወድቋል? ጉሮሮው አልወደቀም፤ ልቡም አልወደቀም። የቀረው በሬ የሚይዝ አንድ ሰው ስለታጣ ነው። በዕድሉ ሂሳብ ውስጥ ትልቁ ቁጥር በእሱ እጅ አልነበረም።

ዛሬም ይኸው ነው። ነፋስ መውጫ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት ገብቶባታል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ሌላ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ፈተናው ላይ ያልተቀመጠ ልጅ በመቶኛው ውስጥ የለም። አላለፈም፣ አልወደቀም፤ ከነመኖሩም አልተቆጠረም። ስለዚህ መቶኛው ከፍ ሲል ደስ ቢለኝም ወዲያው ከሥር ያለውን ድምር አያለሁ፤ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ተፈታኝ በሦስት ዓመት ውስጥ ከድምሩ ተቀንሷል። የቀነሰበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚያ መካከል ግን አባቴን የሚመስሉ እንዳሉ አልጠራጠርም። የሴቶቹም ነገር እንዲሁ ነው። በጉባኤ ቤቱ ታሪክ ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል፤ ቅኔውን ያገኙት ከመምህር አባታቸው ቤት ነው። መምህር አባት ያልነበራቸውን፣ ያው አእምሮ ያላቸውን ሴቶች ማን ሰማቸው?

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ እሱ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ምስክር ያዳላል። ዘመድ ያያል፣ ይሳሳታል፣ ይቆጣል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተወሰደው እኮ በየትምህርት ቤቱ ኩረጃው በዝቶ፣ የሚያውቅ ሰው ለሚያውቀው ልጅ ዐይኑን እየጨፈነ ስላስቸገረ ነው። ማሽኑ የማንንም ልጅ አያውቅም፤ ለድኻ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔም በምስክር ቆስያለሁ። 10ኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ደብተሬን አይቶ «አንተ ለሂሳብ አልተፈጠርክም» አለኝ። ያ ብቻ ነበር ያለው፤ ደብተሩን መለሰልኝ። ለምን እንደሆንኩ አልነገረኝም። ለዓመታት ቁጥር ባየሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚህ ጋር የማነጻጽረው በዘርዐ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው ሐተታ ውስጥ ያለውን የልጅነት ታሪክ ነው። ጸሐፊው ማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ማንም ይሁን ግን ዜማ ቤትን የሚያውቅ ሰው ነው። ልጁ ዜማ ሊማር ይገባል፤ ጉሮሮው ሻካራ ሆኖ ጓደኞቹ ይሣለቁበታል፤ ሦስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ ሐዘኑን ችሎ ተነሥቶ ሰዋስውና ቅኔ ወደሚያስተምር መምህር ይሄዳል፤ እዚያም ከጓደኞቹ ቀድሞ ይማራል። ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ሦስት ወሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን አልሸሸም፤ ሠላሳ ዓመትም አልቆየም። ጉሮሮውን ለማወቅ የሚበቃ ጊዜ ቆየ፤ ካወቀ በኋላ የሚሄድበት ሌላ ቤት ነበረው። ዕድሉን የለካው በገዛ ድምፁ ነው፤ ልኬቱም መንገድ አሳየው። የእኔ መምህር የነሣኝ ይህን ነው። ልክ ሊሆን ይችል ነበር፤ መንገድ ያላሳየ ልክ ግን ፍርድ እንጂ ምክር አይባልም።

ስለዚህ ወደዚህ ሐሳብ አዘነበልኩ። በሩ ላይ የማያውቃት ይቁም፤ ማሽኑ፣ ስም የሌለው ወረቀት፣ ልኩ ለሁሉም አንድ የሆነ። መንገዱ ላይ ግን የሚያውቃት ይኑር። እኛ አገር በዚህ ዘመን ያደረግነው በሩን ማጥበቅ ነው፤ ማጥበቁን አልነቅፍም፣ ያስፈልግ ነበር። መንገዱ ላይ የሚያደምጠውን ሰው ግን አላቆምንም። አንድ መምህር ሰባና ሰማንያ ልጅ ፊት ቆሞ የማንን ድምፅ ይለያል? ቤተ ልሔም ሀብት አልነበራትም፤ ጆሮ ግን ነበራት።

በማግስቱ ደወልኩላት። ቁጥሩን ነገርኳት፤ መደበቅ ልጅን መናቅ መስሎ ስለተሰማኝ። የሲሶውንም ሂሳብ አብረን ሠራነው፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ጠየቅኳት። «ያለፈውን ዓመት የሂሳብ ፈተና ሰዓት ይዘሽ ሠርተሻል?»

«ሠርቻለሁ። ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎብኛል።»

«ከመለስሻቸው ውስጥ ስንቱን አውቀሽ፣ ስንቱን ገምተሽ ነው?»

ዝም አለች። «እሱን አልለየሁትም፣ ጋሼ።»

«እንደ ገና ሥሪው። ያወቅሽው ጥያቄ ራስ ላይ አንድ ጭረት አድርጊ፤ የገመትሽው ላይ ምንም አታድርጊ። አታልይ፤ የሚያየው ማንም የለም።»

ከሁለት ቀን በኋላ የወረቀቱን ፎቶ ላከችልኝ። ጭረቶቹ መጀመሪያ ገጽ ላይ በርከት ይላሉ፤ መካከል ላይ አንድ ገጽ ተኩል ያህል ባዶ ነው። ተጠግቼ አየሁት፤ ትሪጎኖሜትሪ ነው፤ አንዱም ላይ ጭረት የለም። ስደውልላት ምክንያቱን ራሷ አግኝታዋለች። ያንን ምዕራፍ ሊማሩ በነበረበት ወቅት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት ከዚያ ወዲያ ካለው ነው የቀጠሉት፤ ማንም ወደ ኋላ አልተመለሰም። የሂሳብ መምህሯ ወረቀቱን ሲያይ የክፍሉን ልጆች ሁሉ እንዲሁ ጭረት እንዲያደርጉ አዟቸዋል፤ እሷንና ገጹ ባዶ የሆነባቸውን ሌሎች አሥራ አንድ ልጆች ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እንዲመጡ ነግሯቸዋል።